ሜርኩሪ፣ ሶዲየም፣ ኢንዳክሽን፣ ኤልኢዲ፦ የአንድ የእንጨት ሥራ ቤት መብራት ቅየራ

ጥቅምት መጨረሻ

ሥራው ቃሊቲ የሚገኘው የአጎቴ የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ ወለሉ 12 በ20 ሜትር፣ ከፍታው ስድስት ሜትር ገደማ። ጣሪያው ላይ 8 የሜርኩሪ አምፖሎች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው 250 ዋት። ግቢው ውስጥ ሁለት ብርቱካናማ የሶዲየም ፓውዛዎች አሉ፣ 150 ዋት የሚሉት። ቢሮው ጫፋቸው የጠቆረ ረጃጅም ፍሎረሰንቶች አሉት። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስካሁን እምቢ ብሎ የቆየ ባለ ክር አምፖል አለ። የመብራት ታሪክ ማስተማር የፈለገ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም።

ሥራውን ያስጀመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቆጣሪ ካርድ ነው። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ አጎቴ ካርድ በሞሉ ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጣል። ሁለተኛው ምናለሽ ተራ ነው። ከአንድ ከፈረሰ መጋዘን የወጡ የኢንዳክሽን መብራቶች (ክር የሌላቸው የፍሎረሰንት ዘመዶች) እዚያ አግኝተው በጅምላ ገዟቸው። ሻጩ ስለ መብራቶቹ ያወራው ብዙ ነው። መቶ ሺህ ሰዓት ይበራል፣ 120ው ዋት የ400 ዋት ሥራ ይሠራል፣ አይቃጠልም።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህን ስቀልልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ያለውን እንለካ» አልኳቸው።

«መብራት ምኑ ይለካል? ይበራል ወይም አይበራም።»

ኅዳር መጀመሪያ

ዋት መለካት ቀላል ይመስላል። ክላምፕ ሜትሩን ሽቦው ላይ ታደርጋለህ፣ አምፔሩን በ220 ታባዛለህ፣ አለቀ። በጥቅል ሽቦ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን አምፔር የሚገድበው ዕቃ) ለሚሠራ መብራት ግን ይህ ያታልላል። አንዱን ሜርኩሪ ስለካ ከ2 አምፔር በላይ አነበበ። በ220 ሲባዛ 470 ዋት ግድም ይመጣል። አምፖሉ ግን 250 ነው።

የቀረው የት ሄደ? የትም አልሄደም። ባላስቱ ከመስመሩ ጉልበት ይወስድና መልሶ ይሰጣል። ይህን ምልልስ እዚያው የሚያስቀር ካፓሲተር አብሮት ይገጠማል። የዚህ ቤት ካፓሲተሮች አርጅተው ሞተዋል። ስለዚህ ሽቦው ያለ ሥራ ብዙ አምፔር ይሸከማል፣ ብሬከሩ ይሞቃል፣ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ትክክለኛውን ዋት ነው። በክላምፕ ሜትር ብቻ «ግማሽ በግማሽ ቆጠብኩላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በምን እንደለካ ጠይቁት።

እኔ የሄድኩት ወደ ቆጣሪው ነው። ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ከጎኗ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሆን ተጽፏል። የእኛው ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ 400 ይላል። ማሽኖቹን በሙሉ አጥፍተን፣ ስምንቱን ሜርኩሪ ብቻ አብርተን፣ ለአሥር ደቂቃ ብልጭታ ቆጠርን። 144 ሆነ። ለ400 ሲካፈል 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በስድስት ሲባዛ 2.16 ኪሎ ዋት። ለአንድ መብራት 270 ዋት ይደርሰዋል። 250ው የአምፖሉ ነው፣ ትርፉ ባላስቱ በሙቀት መልክ የሚበላው። ለዚህ መለኪያ ምንም መሣሪያ አይገዛም። ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል።

ቀጥሎ ብርሃኑ። ሉክስ ሜትር ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። ሉክስ ማለት ጠረጴዛው ላይ በትክክል የሚያርፈው ብርሃን ነው፤ ሉመን ደግሞ አምፖሉ በየአቅጣጫው የሚረጨው ጠቅላላ ብርሃን። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን ነው፣ አናጺው የሚሠራበት ግን ሉክሱ ነው። መገጣጠሚያ ጠረጴዛዎቹ ላይ 105 አካባቢ አነበበ። የአውሮፓው የሥራ ቦታ መብራት መመዘኛ ለመገጣጠሚያ ጠረጴዛ 300፣ ለእንጨት ማሽኖች 500 ሉክስ ይላል። እኛ ሲሶው ላይ ነን።

ከዚያ ፖንቴ አቁመን አንጸባራቂዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግናቸው። የወረደው ሰጋቱራ አንድ ኮፍያ ይሞላል። በድጋሚ ሲለካ 130 ሆነ። ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳይቀየር። አዲሱን መብራት ከቆሸሸ አሮጌ ጋር ማወዳደር ለሻጭ ይጠቅማል እንጂ ለገዢ አይጠቅምም፤ ስለዚህ መነሻዬን 130 አድርጌ ጻፍኩ።

ስለ ሜርኩሪ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እሱ ቶሎ አይሞትም፣ ይደክማል። ብርሃኑ ከዓመት ዓመት ይወርዳል፣ የሚበላው ዋት ግን ያው ነው። አዲሱ የ250 ዋት ሜርኩሪ 12 ሺህ ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ አርጅቶ ግማሹን ብቻ እየሰጠ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስላልተቃጠለ ማንም አይነካውም። ኪስ የሚጎዳው አምፖል ይኼ ነው። በሚናማታ ስምምነት መሠረት ለተራ መብራት የሚውሉ የዚህ ዓይነት አምፖሎች ከ2020 እ.ኤ.አ በኋላ እንዳይመረቱና ወደ ውጭ እንዳይላኩ ተወስኗል፤ መርካቶ ውስጥ ግን አሁንም ፈልጎ ማግኘት አያቅትም።

ኅዳር፣ ጠረጴዛ ላይ

ከመስቀላችን በፊት አንዱን ኢንዳክሽን ፈታሁት። ክብ፣ ወፍራም የብርጭቆ ቱቦ ነው፣ ውስጡ በነጭ ዱቄት የተቀባ። ሁለት ቦታ ላይ ጥቁር የፌራይት (የመግነጢስ ሴራሚክ) ቀለበቶች አቅፈውታል፤ ቀለበቶቹ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው ወደ አንድ የብረት ሳጥን ይሄዳል። በቃ። ወደ ቱቦው ውስጥ የሚገባ አንድም ሽቦ የለም።

ሠራተኞቹ ይኼን አላመኑም። አንደኛው ልጅ ቱቦውን እያገላበጠ የሽቦ ቀዳዳ ፈለገ።

አሠራሩን ትራንስፎርመር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ቀለበቱ ላይ ያለው ሽቦ አንደኛው ጥቅል ነው። ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ አይደለም፤ ቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ራሱ ነው። ሳጥኑ የ50 ኸርዙን መብራት ወደ 250 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይቀይረዋል። ያ ፈጣን መግነጢሳዊ መዋዠቅ ጋዙን ያነሳሳል፣ የሜርኩሪው ተን ዓይን የማያየው ጨረር ያወጣል፣ ነጩ ዱቄት ጨረሩን ወደ ብርሃን ይለውጠዋል። ከዚህ በኋላ ያለው የተለመደው ፍሎረሰንት ነው። ኒኮላ ቴስላ ሽቦ ያልገባበት ቱቦ ሲያበራ ኒው ዮርክ ውስጥ ለተመልካች ያሳየው በ1891 እ.ኤ.አ ነበር። ገበያ ላይ በደንብ የወጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፊሊፕስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኪውኤል የተባለውን ሲያቀርብ ነው። የኪውኤሉ ጥቅል እንደኛው ከውጭ አያቅፍም፤ አምፖሉ መሃል ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ሽቦ አለመግባቱ ለምን ይጠቅማል? ቢሮ ያሉትን ረጃጅም ፍሎረሰንቶች እዩ። ጫፋቸው የጠቆረው እዚያ ያለው ክር ላይ የተቀባው ነገር በየማብራቱ እየተነነ ብርጭቆው ላይ ስለሚለጠፍ ነው። ቅቡ ሲያልቅ ቱቦው ያበቃለታል። ኢንዳክሽኑ ክር ስለሌለው የሚያልቅ ነገር የለውም። ብርሃኑ ግን ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ነጩ ዱቄት ያረጃል።

እንግዲህ የሻጩ መቶ ሺህ ሰዓት የቱቦው ነው። ሳጥኑስ? ሳጥኑን ስከፍት ውስጡ ቦርድ፣ ትራንዚስተሮች፣ እና ሁለት ወፋፍራም ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች አገኘሁ። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው። መቶ ሺህ ሰዓት በቀን አሥር ሰዓት ሲበራ 27 ዓመት ነው። ሳጥኑ ያን ያህል አይቆይም፤ ጥያቄው ምን ያህል እናቆየዋለን ነው።

ስለዚህ ሳጥኖቹን ከቆርቆሮው አርቀን፣ ከኮርኒሱ ብረት ዝቅ አድርገን፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ለመስቀል ተስማማን። ሳጥኑን ወደ ግድግዳ አውርደን ሽቦውን ብናስረዝምስ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አይሆንም። በሳጥኑና በቱቦው መካከል ያለው ሽቦ የሥራው አካል ነው፤ ርዝመቱ ሲቀየር ስልቱ ይዛባል። አብሮት በመጣው ርዝመት መሥራት ነው።

ኅዳር አጋማሽ

ተሰቀሉ። ስምንቱ ሜርኩሪዎች ወርደው ጆንያ ውስጥ ገቡ፣ ሳይሰበሩ። ውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ ጆንያውን ለቆራሌው አልሰጠንም፤ መጋዘን ጥግ ተቀምጧል።

ጠዋት ላይ ሲበሩ ወዲያው ነው የሚበሩት፣ ግን መጀመሪያ ደብዘዝ ይላሉ። በኅዳር ብርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ሜርኩሪው ፈሳሽ ሆኖ አልተቀመጠም፤ ከሌላ ብረት ጋር ተዋህዶ ጠጥሯል፣ ሲሞቅ ነው ተኑን የሚለቀው። የድሮዎቹ ሜርኩሪዎች አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዱ ስለነበር ማንም አላማረረም።

ቆጣሪው ላይ በአሥር ደቂቃ 68 ብልጭታ። አንድ ኪሎ ዋት ከትንሽ ትርፍ ጋር፤ ለአንዱ 128 ዋት ገደማ። ሉክሱ 175። ዋቱ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ብርሃኑ በሲሶ ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን 300 አይደለም። ሻጩ «120ው እንደ 400 ነው» ያለው እዚህ ላይ ውሃ ይበላዋል። የዚህ አባባል ምንጭ ነጭ ብርሃን በጨለማ ለዓይን የተሻለ ይታያል የሚለው ሐሳብ ነው፤ ሻጮች ሉመኑን በዚያ ያባዙታል። ጨለም ያለ መንገድ ላይ እውነትነት አለው። ጠረጴዛ ላይ እንጨት ለሚለካ ሰው ግን ሉክስ ሜትሩ ያነበበው ነው ያለው።

ከሁሉ በፊት ያማረሩት አጎቴ ናቸው። በሬዲዮናቸው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ዜና ሲያዳምጡ መብራቱ ሲበራ ሬዲዮው «ዝዝዝ» ይላል። ኤፍኤሙ ደህና ነው። 250 ሺህ ኸርዝና ብዜቶቹ ለመካከለኛ ሞገድ ጎረቤት ናቸው። የመብራቶቹን አካል ስመለከት መሬት የሚገባው አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ አንዱም ላይ አልተያዘም። የድሮው ሜርኩሪ ያለ እሱ ኖሯል። ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብረን፣ መስመር ስበን፣ ስምንቱንም አሰርን። ጫጫታው ሬዲዮውን ከመብራቱ ሥር ካላስጠጉት በቀር ጠፋ። የመሬት መስመሩ ለሰው ደኅንነት ያስፈልግ ነበር፤ ለዓመታት ማንም ያልሠራውን በአንድ ቅዳሜ ያሠራው ሬዲዮው ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ መጋዙ

ይኼን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከቆጣሪው በላይ ነው።

በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ፣ ተራ ባላስት ያለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም። ነገር ግን የክብ መጋዙ ሞተርም የሚዞረው በዚያው በ50 ኸርዝ ነው፤ በደቂቃ ከ3,000 ትንሽ ያነሰ። ሁለቱ ሲገናኙ ምላጩ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ መስሎ ይታያል። ሞተሩ ቢጮህም፣ ከጎኑ ሌላ ሦስት ማሽን የሚጮህ ከሆነ ጆሮ አይለይም። ስምንቱም ሜርኩሪዎች በአንድ ፌዝ ላይ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ይደበዝዙ፣ አብረው ይፈኩ ነበር። የድሮ ኤሌክትሪሺያኖች ይኼን ስለሚያውቁ መብራቶቹን በሦስቱ ፌዞች ያከፋፍሏቸው ነበር፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይሸፍናል። እዚህ ግን ያን ያደረገ የለም።

ማስረጃ ፈለግሁ። እርሳስ ይዞ ከመብራቱ ሥር ማወዛወዝ ነው። ሜርኩሪው ሥር እርሳሱ እንደ ማራገቢያ ብዙ ሆኖ ይታያል። ኢንዳክሽኑ ሥር አንድ ወጥ ጥላ ነው፤ ሳጥኑ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሠራ መደብዘዙ የለም ማለት ይቻላል። ስልክ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቪዲዮ ስትቀርጹ ደግሞ ሜርኩሪው ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ።

መጋዙን የሚሠራው ሙያተኛ ጠቆር ያለ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። መብራቱ ከተቀየረ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጥቶ «ምላጩ አሁን ሲዞር ይታያል» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዴት ነበር ስለው እጁን ብቻ ገለበጠ።

ሌላም አለ። ማታ ማታ ቮልቴጁ ወደ 185 ይወርዳል። ሜርኩሪም ሶዲየምም ድንገት ሲወርድባቸው ይጠፋሉ፤ ከጠፉ ካልቀዘቀዙ አይበሩም። ሶዲየሙ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ሜርኩሪው አምስት አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ሞተሩ ግን አልቆመም። ጨለማ ውስጥ የሚዞር መጋዝ ማለት ነው። ኢንዳክሽኑ በ185 ምንም አልሆነም፤ ጠፍቶ ሲበራም ያኔውኑ ነው። ለእኔ እነዚህን መብራቶች ከማሽኖቹ በላይ ለማስቀረት ይኼ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ታኅሣሥ

አንድ የአጎቴ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ መጥተው አዩ። «ሶዲየሙን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ከሁሉም እሱ ይቆጥባል» አሉ። ተሳስተዋል አልልም። የ150 ዋት ሶዲየም 15 ሺህ ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ በዋት መቶ ሉመን ማለት ነው። ኢንዳክሽኑ 75 ቢደርስ ነው። በቁጥር ብቻ ሶዲየሙ ያሸንፋል።

ግን እዚህ የሚሠራው ወንበርና ቁም ሣጥን ነው። ሁለት ቁራጭ ዋንዛ፣ አንዱ የተቀባ አንዱ ያልተቀባ፣ ማታ ከግቢው ፓውዛ ሥር ወስጄ አሳየኋቸው። ሁለቱም ብርቱካናማ ናቸው። ጽድ ጨመርኩበት፣ ያው ነው። ሶዲየም ቀለም የማሳየት ደረጃው ከመቶ 25 አይሞላም፤ ኢንዳክሽኑ ከ80 በላይ ነው። ቫርኒሽ የሚቀባው ልጅ «በዚህ ብርሃን ቀብቼ ደንበኛ ጠዋት ቢያየው ገንዘቡን ያስመልሳል» አለ። መሐንዲሱ ሳቁ፣ ሻይ ጠጡ፣ ነገሩ ተዘጋ።

ለቫርኒሹ ክፍል ግን ኢንዳክሽኑም አላረካኝም። ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። ቀይ የሚያደላ እንጨት ትንሽ ይገረጣል። እዚያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ከገና በፊት

መብራት ሄደ፣ ማታ ተመለሰ። አመላለሱ ጉልበት ነበረው፤ ሰፈሩ በሙሉ ፍሪጅ ነቅሎ የሚጠብቀው ዓይነት። አንድ ኢንዳክሽን አልበራም። ለሙከራ መግቢያው ላይ የሰቀልነው ርካሽ ኤልኢዲም አብሮት ሄደ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሶዲየሞች ቀስ ብለው በሩ። የሁለት ኪሎ ብረት ባላስት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የኢንዳክሽኑን ሳጥን አወረድኩ። ከመክፈት በፊት ማፍሰስ ግዴታ ነው፤ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር አፍስሼ፣ በቴስተር አረጋግጬ ከፈትኩ። አንዱ ካፓሲተር አናቱ አብጧል፣ ፊውዙ ሄዷል፣ መግቢያው ላይ ያለው ቫሪስተር (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ በራሱ ላይ የሚያሳልፈው መከላከያ) ፈንድቷል። ቱቦው ምንም አልሆነም፤ በሌላ ሳጥን ስሞክረው በራ። ሦስቱን ዕቃዎች ተመሳሳይ ቮልቴጅና ሙቀት የሚችሉ ገዝቼ ቀየርኩ። በራ።

ቫሪስተሩ ሞቶ ሌላውን ማዳኑን ልብ በሉ። ርካሹ ኤልኢዲ ውስጥ ቫሪስተር የሚባል ነገር አልነበረም። ኤልኢዲውን የሚመግበው ድራይቨር አውራ ጣት የሚያክል ቦርድ ነው። ከዚያ ላይ፣ ከመሞቱ በፊት ቆጣሪው ላይ ስለካው «100 ዋት» ያለው ዕቃ ስልሳም አልሞላ። ስልኩም መንቀጥቀጡን አሳይቷል፤ እንደ ሜርኩሪው በሰከንድ መቶ ጊዜ። ኤልኢዲ ስለሆነ ብቻ አይንቀጠቀጥም ማለት አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት መብራቱን ሳይሆን መስመሩን ነው። ማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ የሰርጅ መከላከያ ገባ፤ ኅዳር ላይ የቀበርነው ዘንግ ለእሱም አገለገለ፣ ያለ መሬት መስመር የትም የሚያፈስሰው የለምና። ለመብራቶቹ ኮንታክተርና ሰዓት ቆጣሪ ሪሌይ ተጨመረ። መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያስገባል። አጎቴ «ከጠፋበት በላይ እኛ ልናጠፋው ነው?» አሉ። ባትሪ ያለው አንድ አነስተኛ መብራት በሩ ላይ ሰቀልንላቸው።

ጥር

ለቫርኒሹ ክፍልና ለመገጣጠሚያው ጠረጴዛ ደህና ኤልኢዲ ተገዛ። ምርጫው ላይ ያየሁት ሦስት ነገር ነው። ድራይቨሩ ለብቻው የተለየ ሳጥን መሆኑን፤ እንዲህ ከሆነ ሲሞት እሱ ብቻ ይቀየራል። ክብደቱን፤ አልሙኒየሙ ወፍራም ካልሆነ ሙቀቱ የትም አይሄድም። ቀለም የማሳየት ደረጃው ለቫርኒሹ ከ90 በላይ መሆኑን። ስልክ አውጥቼ ቀርጬዋለሁም፣ ሻጩ እያየኝ። አልተንቀጠቀጠም።

ደህናው ኤልኢዲ በዋት 130 ሉመን ገደማ ይሰጣል፣ ያውም ወደ ታች። ኢንዳክሽኑ ወፍራም ክብ ቱቦ ስለሆነ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጫል። ግማሹ ከአንጸባራቂው ነው የሚመለሰው፣ ሲመለስ ደግሞ ይጎድላል። ጠረጴዛው ላይ ሉክሱ 320 ደረሰ። በዚህ ክርክር የለም፤ ዛሬ ከባዶ የሚጀምር ሰው ኢንዳክሽን ይግዛ አልልም። ትልልቆቹ አምራቾችም ፊታቸውን ወደ ኤልኢዲ አዙረዋል፣ ሳጥኑ ሲሞት መለዋወጫ ማግኘት እየከበደ ነው። የለንደኑ ቢግ ቤን የሰዓት ፊቶች እያንዳንዳቸው በ28 ባለ 85 ዋት፣ 60 ሺህ ሰዓት በሚባልላቸው አምፖሎች ይበሩ ነበር፤ እነሱም በ2017 እ.ኤ.አ በተጀመረው እድሳት ወደ ኤልኢዲ ተቀየሩ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የመንገድ መብራቶቿን በሺዎች ወደ ኢንዳክሽን የቀየረችው የአሜሪካዋ ሳንዲያጎም ብዙ ሳትቆይ ወደ ኤልኢዲ ገብታለች።

አጎቴ ይኼን ሲሰሙ «ታዲያ እነዚህንም እናውርዳቸው» አሉ። እስኪ እንቁጠር አልኳቸው።

በቀን አሥር ሰዓት፣ በወር 26 ቀን። ስምንቱ ሜርኩሪ በወር 560 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበሉ ነበር። ስምንት ኢንዳክሽን 265። ስምንት የ100 ዋት ኤልኢዲ ቢሆኑ 210። ከሜርኩሪ ወደ ኢንዳክሽን ሲኬድ ወደ 300 ይተርፋል፤ ከኢንዳክሽን ወደ ኤልኢዲ ደግሞ 55። ትልቁን ትርፍ አግኝተነዋል። የሚሠራ፣ የተከፈለበት መብራት አውርዶ ለ55 ኪሎ ዋት ሰዓት አዲስ መግዛት የደህናውን ኤልኢዲ ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሳጥናቸው እስኪሞት ከማሽኖቹ በላይ ይቆዩ።

«ሲሞቱስ?»

«ከቫርኒሹና ከመገጣጠሚያው የወረዱት ሁለቱ መለዋወጫ ይሆናሉ።»

ይኼ ደስ አላቸው። የምናለሽ ተራ ደንበኛ መለዋወጫ ሲባል ደስ ይለዋል።

የካቲት

ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያው ላይ ወጥተን ጥቂት ቆርቆሮዎችን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቀየርናቸው። ቀን ላይ ሉክስ ሜትሩ ከ600 በላይ አነበበ፣ ያለ አንድ አምፖል። ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከማሽኖቹ በላይ ካሉት በስተቀር የሚበራ የለም። ስለዚህ ከላይ የቆጠርኩት ሒሳብ ሁሉ አሁን ያንሳል፤ የኤልኢዲው 55ም እንዲሁ። ይህን ከሁሉ በፊት ማሠራት ይቻል ነበር፤ ግን ጣሪያ የሚነካ ሰው አጥተን ነበር የቆየነው።

አሁን ያለው ይህን ይመስላል። ከማሽኖቹ በላይ ስድስት ኢንዳክሽን፤ በሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለዋል፣ አንዱ ቢጠፋ ሁሉም እንዳይጨልም። መጋዙና ቶርኖው ላይ ተጨማሪ ጎንበስ ያለ የጠረጴዛ ኤልኢዲ፣ 500 ሉክሱን የሚሞላው እሱ ነው። ቫርኒሽና መገጣጠሚያ ላይ ኤልኢዲ። ቢሮ ያሉት ፍሎረሰንቶች በኤልኢዲ ቱቦ ተተክተዋል፤ ባላስቱን ከመስመሩ አውጥተን በቀጥታ ነው ያሰርነው፣ ሽፋኑም ላይ በማርከር ተጽፏል፣ ነገ ሌላ ሰው ፍሎረሰንት እንዳይሰካበት።

የወረዱት ሜርኩሪዎች አሁንም ጆንያ ውስጥ ናቸው። የሚረከባቸው ትክክለኛ ቦታ እየጠየቅሁ ነው። አንድ ቢሰበር ክፍሉን ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያ በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን መሰብሰብ እንደሆነ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ።

ግቢው ውስጥ ያሉት ሶዲየሞች አልተነኩም። ቀለም ለማያስፈልገው ጥበቃ ይበቃሉ፣ የመብራቱን አመላለስ ይችላሉ፣ አንዱ ኢግናይተሩ (ማስነሻው) ሄዶ በርካሽ ተቀይሯል። ባላስታቸው ሲሄድ ኤልኢዲ ይሆናሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የሞቱትን ካፓሲተሮች ቀይሬላቸው አምፔሩን እለካለሁ፤ ወደ ግማሽ መውረድ አለበት። ቆጣሪው ላይ ግን ምንም አይለወጥም፣ ይኼን ለአጎቴ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።